ከቱሉ ዲምቱ በሰመራ አድርጎ መቀሌ፦ በኤሌክትሪክ መኪና ይደረሳል?

ጥያቄው የወጣው በሰፈራችን የመኪና ባለቤቶች ገጽ ላይ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ለገና እናቱን፣ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ መቀሌ መግባት ይፈልጋል። መንገዱንም መርጧል። ፍጥነት መንገዱን ከደጁ ይዞ አዳማ፣ ከዚያ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ። በማግስቱ ሰርዶ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ አፍዴራ፣ አብአላ፣ ከአብአላ ሽቅብ መቀሌ። መኪናው ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ኤሌክትሪክ ነው። ሒሳብም ሠርቷል። እስከ ሰመራ ቁልቁለት ስለሆነ መኪናው ባትሪውን እየሞላ ይወርዳል ባይ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰመራ ላይ ቻርጅ እያደረገ የሚያድርበት ሆቴል የሚያውቅ አለ ወይ?

ሆቴሉን እስካሁን የጠቆመው የለም። ምላሹ ግን ሃምሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተለመዱት ናቸው። አንዷ መልካም መንገድ ተመኘች። ሌላው ለመከታተል ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ሄደ።

ነገሩ የጀመረው ምላሽ ቁጥር 3 ላይ ነው። የጻፉት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ስለ ባትሪ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሌሊት 11 ሰዓት ክፍያ ጣቢያውን እንዲያልፍ፣ ቁርሱን አዋሽ እንዲበላ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ ሰመራ እንዲገባ መከሩት። ምሽት 12 ሰዓት ካለፈ ግን የትም ይሁን የት እንዲቆም። ምክንያታቸው ግመል ነው። ፍየል ብትገጭ መከላከያህ ይሰበራል፤ የግመል ግን እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪናው የሚያገኘው እግሩን ነው፣ ገላው በመስታወት በኩል ጭንህ ላይ ይመጣል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። አደጋ ከደረሰም መሸሽ እንደማያዋጣ፣ ካሳው በአገር ሽማግሌ ተነጋግሮ እንደሚያልቅ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ግን እዚያ ብዙም ቦታ እንደሌለው ጨመሩ።

ጋሼ ስለ ኬላም አልረሱም። አዋሽና ሚሌ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ አለ። ሲሄድ ብዙም አይነኩትም። ሲመለስ ግን ደረሰኝ የሌለው አዲስ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ከተገኘበት ቀኑን እዚያው ሊውል ይችላል።

ቁጥር 4 ለምን በደሴ አይሄድም ብሎ ጠየቀ። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ደሴ፣ ወልዲያ፣ አላማጣ፣ ማይጨው እያለ ቆጠረለት። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ለልጆቹ ማሳየት እንደሚችልም አከለ። ጋሼ አጭር መልስ ሰጡ። መንገዱ ውብ ነው፤ ግን ውበቱን ትቶ የዚያን ሳምንት ወሬ ከመናኸሪያ ሹፌሮች መጠየቅ ይቀድማል። ጠያቂውም በአፋር ልሂድ ያለው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ቁጥር 6 በእኔ ግምት የውይይቱ ክር ምርጥ ምላሽ ነው። የጻፈው በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ አጻጻፉም ይመሰክርለታል። በመጀመሪያ ጠያቂውን አከበረው፤ ቁልቁለት ለባትሪ ይመልሳል ያልከው ልክ ነው አለ። ቀጥሎ ቁጥሩን አወጣ። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። ሰመራ 430 ገደማ ናት። ቤተሰብና ሻንጣ የጫነ መኪና 2.3 ቶን ቢመዝን፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት አንድም ሳይባክን ቢሰበሰብ 10 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው። ይህ 58 ኪሎሜትር ገደማ ያስኬዳል። ከአዲስ አበባ ሰመራ ደግሞ ወደ 590 ኪሎሜትር ነው። የቀረውን ባትሪው ነው የሚከፍለው። በመቶ ኪሎሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ ሙሉ ባትሪ 330 ላይ ያልቃል። ይህም ማለት ገዋኔ አካባቢ፣ አስፋልት ላይ።

ቁልቁለቱ የሰጠውንስ ማን ይወስደዋል? ኤሲው። 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ ዘጠኝ ሰዓት ሲሠራ ከ13 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። አያት ከኋላ ተቀምጠው ኤሲ አጥፍቶ አፋር መግባት ደግሞ አይታሰብም።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቀን ገባ። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 102 ሜትር ነው። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በኩዊሃ በኩል ሲገባ እንዲያውም 2,200 ይጠጋል። መኪናውን ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ ጎማው አንድ ሜትር ወደፊት የሚሄድበትን ሳይጨምር፣ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። የባትሪው ሩብ ማለት ይቻላል። ከሰመራ መቀሌ ደግሞ ከ350 ኪሎሜትር ይበልጣል። መሀል ላይ የኤሌክትሪክ መሙያ ብሎ ነገር የለም። መሐንዲሱ ሲደመድም ይህን መንገድ ከፍታውን ትቶ በኪሎሜትር ብቻ የሚያቅድ ሰው ካርታውን ተኝቶ ነው ያነበበው አለ። ትንሽ ሸንቆጥ አድርጎታል፤ ግን ይገባዋል።

ጠያቂው ተቀይሞ አልታየም። አመስግኖ፣ አዋሽ ላይ ከሶኬት እየሞላ ቢያድርስ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቁጥር 9 ላይ ነው። ተራ ሶኬት 10 አምፔር ሲሰጥ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ ባዶ ባትሪ ለመሙላት 27 ሰዓት። መብራት ካልጠፋ ነው ይህም። ጄኔሬተር ላይ የሚኖር ሆቴል ደግሞ መኪና ልሰካ ስትለው ፊቱን ያዞራል።

ሰላምታ የሌለው ሰው ቁጥር 10 ላይ መጣ። ቤተሰብ የጫነ መኪና የሙከራ ቦታ አይደለም፤ ከመጀመሪያውስ ኤሌክትሪክ ግዛ ያለህ ማን ነው የሚል ነበር። አንዲት ሴት ወዲያው መለሰችለት። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሰው ምን ይግዛ? ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያረጅ አንተ ነህ አለችው። እዚህ ላይ ብዙ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። እኔም ከሳቁት ነኝ።

ቁጥር 13 የአቃቂ ሰው ነው። በኤሌክትሪክ መኪናው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ቻርጁ አልቆ የተረፈው በወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት ጠንካራ መስመር አለው። ባለቤቱ መጀመሪያ ተጠራጠረ። ከዚያ ተራ የያዙት ሴቶች እህላቸውን ፈጭተው እስኪጨርሱ ጠብቅ አለው። ማታ ወፍጮው ሲቆም ሰካለት። ሒሳቡን የቆረጠው በኩንታል ነው፤ የሦስት ኩንታል ጤፍ ማስፈጫ አስከፈለው። ጠዋት መኪናው ላይ የተቀመጠው የዱቄት ብናኝ ከሩቅ ሲታይ ጥቁሩን መኪና ነጭ አስመስሎት ነበር። መጥረጊያ ይዞ የወጣውም ራሱ ባለ ወፍጮው ነው።

መሐንዲሱ እዚህም ገባ። ሰውየው የወፍጮው መስመር ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ስለሆነ ነው በፍጥነት የሞላው ብሎ ነበር። መሐንዲሱ ግን የአብዛኞቹ መኪኖች የቤት ቻርጀር የሚወስደው አንዱን ፌዝ ብቻ መሆኑን አስረዳ። ልዩነቱን ያመጣው ወፍራሙ ገመድ ነው። 32 አምፔር ከተገኘ 7 ኪሎዋት ይሆናል፤ ባትሪው በስምንት ሰዓት ተኩል ይሞላል። የብረት በያጅ ቤትም እንደዚያው። ግን የቤቱን ፊውዝና ገመድ ሳያዩ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው ብሎ አስጠነቀቀ።

ይህ ሁሉ ደህና እየሄደ ሳለ ቁጥር 16 ላይ ጎረቤት ተገኘ። የጠያቂው ብሎክ ነዋሪ ነው። ሰመራን ከማንሳታችን በፊት የራሳችንን ብሎክ መብራት እናንሳ አለ። በእሱ አባባል የመኪናው ገመድ ከደረጃው መብራት ላይ ነው የተቀጠለው። የጋራ ቆጣሪው የሚበላውን ደግሞ ነዋሪው ሁሉ በመዋጮ ይከፍላል።

ጠያቂው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። ፎቶ ለጠፈ። ብርቱካናማው ማራዘሚያ ከራሱ ኩሽና መስኮት ወጥቶ፣ በረንዳው ብረት ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ዝናብ እንዳይገባበት በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። ቆጣሪውንም አጉልቶ አነሳው፤ የራሱ ነው። ጎረቤቱ በዚህ አልረካም፤ ፎቶው የዛሬ ነው፣ ያኔስ አለ። ከቁጥር 17 እስከ 23 ድረስ አፋር የሚባል አገር የተረሳ ይመስላል። አንዱ ፌስታሉ እሳት ያስነሳል አለ። ሌላው የብሎኩን ኮሚቴ ወቀሰ። በመጨረሻ የብሎኩ ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት ገቡ። የውሃ ፓምፑም የሚሠራው በዚያው የጋራ ቆጣሪ እንደሆነ፣ የፓምፑን መዋጮ ያልከፈሉት እነማን እንደሆኑ ስማቸው ደረጃው ስር እንደተለጠፈ አስታወሱ። ጎረቤቱ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልጻፈም።

ክሩን ወደ መንገዱ የመለሰው ሰመራ አጠገብ ያለችው የሎጊያ ልጅ ነው፤ ቁጥር 24። ጨዋነቱ ሁሉንም አሳፈረ። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ደስ እንዳለው ጻፈ። ወሩን በጥሩ ጊዜ መርጠሃል አለ። ታኅሣሥና ጥር የአፋር ጥሩ ወራት ናቸው፤ ማታ ውጭ መተኛት ደስ ይላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቢሆን ግን ልጆች ይዘህ አትምጣ እልህ ነበር አለ። ውሃ በሰው ቢያንስ አምስት ሊትር ለቀን፣ ለመኪናው ሌላ።

ስለ አፍዴራም የሚነግረው ነበረው። አካባቢው የሚታወቀው በጨው ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ በኩል ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ ላይ ወረደ፤ የእንስሳቱን ግጦሽ ሸፈነው። ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን አድርጎ ሕንድ ድረስ ሄደ። የሎጊያው ልጅ የሚያሳስበው ግን እሱ አይደለም። የአብአላ መንገድ ክፍት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሎጊያ የቆሙ ሹፌሮች ዘንድ እንጂ ፌስቡክ ላይ እንዳልሆነ አሳሰበ። መንገዱን የሚያውቀው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ወደ ትግራይ የሚገባው የዕርዳታ እህል በሰመራና በአብአላ ሲያልፍ ሰመራ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ሲጠብቁ አይቷል።

ጦርነት የሚለው ቃል እንደተነሳ የሚሆነው ሆነ። ከቁጥር 25 እስከ 28 ያለውን አልደግመውም። ሁለቱን የገጹ ተቆጣጣሪ አጥፍቷቸዋል፤ የቀሩትም ቢጠፉ የሚናፍቃቸው የለም።

ከዚያ ጨዋታው ሌላ አቅጣጫ ያዘ። መምህር የሚመስል ሰው ሰርዶን አነሳ። ጠያቂው ወደ ሰሜን የሚታጠፍባት ያቺ ትንሽ ከተማ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ነበር። አገሩ ከሥሩ እየተሰነጠቀ ያለ ስምጥ ሸለቆ ነውና ሐይቁም እሳተ ገሞራውም መንቀጥቀጡም የአንድ ነገር ልጆች ናቸው አለ። ወዲያው ከቱሉ ዲምቱ ምስክር ተገኘ። በታኅሣሥና በጥር 2017 አዋሽ ፈንታሌ በኩል ሲንቀጠቀጥ እኛም ፎቅ ላይ ሆነን ተወዛውዘናል። አንዷ ከአራተኛ ፎቅ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወርዳ፣ ቁልፏን ውስጥ ረስታ ደጅ ማደሯን ተናገረች። እዚያው ላይ ቁልፍ ሠሪ የሚጠቁሙ ሁለት ሰዎች መጡ። ከዓመት በኋላ!

ቁጥር 33 ልጆቹ ሉሲን እንዲያዩ ሐዳር ላይ ቢቆሙ ደስ እንደሚላቸው ጻፈ። በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላት እዚያ አይደለችም ወይ? መምህሩ ትንሽ ኮስተር ብሎ አረመው። ሐዳር ዋናው አስፋልት ዳር አይደለም፤ ያለ መሪና ያለ ፈቃድ የሚገባበትም አይደለም። የተገኘችውም እዚያ ነው እንጂ አፅሟ ያለው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ልጆቹን አምስት ኪሎ በታክሲ መውሰድ ይበቃል። ይልቅ መተሐራ ላይ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ያስቸገረውን የበሰቃ ሐይቅ፣ ከገዋኔ በኋላም መንገዱ የሚያቋርጠውን የያንጉዲ ራሳ ፓርክ እንዲያሳያቸው መከረ። ዕድል ካላቸው የዱር አህያ ያያሉ።

የጎማው ክርክር ቁጥር 36 ላይ ተነሳ። አንድ ቅን ሰው አዋሽ ሲደርስ ከጎማው ነፋስ ቀንስ፣ ሙቀቱ ያፈነዳዋል አለ። ጋሼ ተናደዱ። የጋለ ጎማ ነፋስ አይቀነስለትም። የሚፈነዳው ነፋስ የጎደለው ነው፤ እየተጣጠፈ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል። ብዙ ጎማ ከመንገድ ዳር አንስተዋል፣ በነፋስ ብዛት የፈነዳ ግን አላዩም። መሐንዲሱ ደግሞ ማንም ያላሰበውን አመጣ። የ20 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ከ3 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ይጨምራል። ቆላ ሲወረድ ግን የውጭው አየር ራሱ ይከብዳል፤ ስለዚህ መለኪያው ላይ የሚታየው 2 ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱ ሊጣፉ ምንም አይቀራቸው። በማለዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ሞልቶ መተው ነው። ጋሼ ሒሳቡን እንዳልተከታተሉት ነገር ግን መደምደሚያው እውነት መሆኑን መሰከሩ።

ጠያቂው በቁጥር 41 ተመለሰ። ምላሾቹን ማታ ማታ ለእናቱ ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ነበር። የግመሉ ላይ ሲደርስ አስቆሙት። አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ብቻ ጠየቁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ነገሩ በዚያ አለቀ። እናትየው ከምራታቸውና ከልጆቹ ጋር በአየር ይሄዳሉ። እሱ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ ከሚስቱ ወንድም ጋር በናፍጣ ሃይሉክስ ሰመራ ድረስ ይወርዳል። የአብአላን ነገር እዚያ ጠይቀው፣ ደህና ከሆነ ይቀጥላሉ፤ ካልሆነ ተመልሰው እሱም ይበራል።

ይህ ውሳኔ ሁሉንም አስማማ ማለት ይቻላል። ጋሼ ሁለት ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክና መብራት እንዲይዙ አዘዙ። ሃይሉክሱ 80 ሊትር ታንክ ካለውና በመቶ ኪሎሜትር 12 ሊትር ከበላ 660 ኪሎሜትር ይወስዳል፤ ሰመራ ሳይቀዱ ይገባሉ። ወደ ሰሜን ከመታጠፋቸው በፊት ግን ሰልፉ ምንም ያህል ቢሆን ሎጊያ ወይም ሰመራ ላይ ሞልተው እንዲወጡ። የሎጊያው ልጅ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ብር የያዘ ሰው ሳይቀዳ እንደሚቆም አስታወሰ። እሱ ግን እዚያው ስላለ ይደውሉለት፤ ሰልፍ ይይዝላቸዋል።

በቁጥር 47 ጎረቤቱ ከዝምታው ወጣ። መንገዱ የተቃና ይሁን አለ መጀመሪያ። ከዚያ ኤሌክትሪኩ መኪና ሁለት ሳምንት ቆሞ ሲከርም ገመዱ ተሰክቶ ይሰነብታል ወይስ ይነቀላል ብሎ ጠየቀ። ጠያቂው ሊመልስ ሲል መሐንዲሱ ቀደመው። ረጅም ጊዜ የሚቆም ባትሪ መቶ በመቶ ሞልቶ አይተውም፤ ግማሽ ገደማ ላይ ሆኖ፣ ገመዱ ተነቅሎ መቆሙ ለዕድሜው ይሻላል። ጠያቂው ከመነሳቱ በፊት ባለው ምሽት ገመዱን እንደሚጠቀልል ጻፈ። ጎረቤቱ አውራ ጣት አደረገለት።